ሶፍትዌሩን ገዛን፣ ወረፋው ግን አልተነቃነቀም

የጠያቂው ደብዳቤ

«ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። 34 ሠራተኞች ያሉት፣ የቢሮ ዕቃዎችን የሚያከፋፍልና የሚጠግን ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ትዕዛዝ የሚመጣልን በስልክ ጥሪ፣ በኢሜይልና በስልክ መልእክት ነው። የሽያጭ ሠራተኞች በኤክሴል ይመዘግቡታል፤ ከዚያ የሽያጭ ኃላፊው፣ የሂሳብ ክፍሉ፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ የአስተዳደር ክፍሉና በመጨረሻም እኔ እንፈርምበታለን። ደንበኞች ‹ዘገያችሁ› እያሉ ስላማረሩን ባለፈው ዓመት የሥራ ፍሰት የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ገዝተን አምስቱም ፊርማዎች በኮምፒውተር እንዲሰጡ አደረግን። ሦስት ወር ያህል ሠራንበት። ከዚያ ሠራተኞቹ ቀስ በቀስ ወደ ወረቀቱና ወደ ስልኩ ተመለሱ፤ አሁን አንዱን ትዕዛዝ ሁለት ቦታ እየመዘገብን ነው። አንጋፋዋ የሂሳብ ሠራተኛችን ‹ይሄ ነገር እኛን ለማባረር የመጣ ነው› ብላ በስብሰባ ላይ ተናግራለች፤ ያለ እርሷ ደግሞ አንድ ቀን መዋል አንችልም። የሶፍትዌሩ ውል በሁለት ወር ውስጥ ይታደሳል። ላድሰው ወይስ ሌላ ልግዛ? የተሻለውስ የትኛው ነው?

ግራ የገባው ሥራ አስኪያጅ»

ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣

የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል ለሚለው ጥያቄዎ አንድ ስም ጠርቼ ብገላገል ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ የምጠራልዎ ስም የትኛውም ቢሆን የዛሬ ዓመት ይህንኑ ደብዳቤ መልሰው እንደሚጽፉልኝ ተሰምቶኛል። ችግሩን እርስዎ ራስዎ በአንድ ሐረግ አስቀምጠውታል፤ «አምስቱም ፊርማዎች በኮምፒውተር እንዲሰጡ አደረግን» ይላል። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር አምስት ቦታ ይቆም ነበር፤ ሶፍትዌሩ ከገባ በኋላም የሚቆመው እዚያው አምስቱ ቦታ ነው። ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ ማለት ይኸው ነው። ወረቀቱ እንዲያውም አንድ ብልጫ ነበረው፤ የቸኮለ ሻጭ ቅጹን ይዞ በርዎ ላይ ቆሞ ያስፈርም ነበር። አሁን ግን ትዕዛዙ በኮምፒውተርዎ ውስጥ ከሌሎች ደርዘን ትዕዛዞች ጋር ተሰልፎ ማንም ሳያየው ያድራል። ሠራተኞችዎ ወደ ወረቀት የተመለሱት ሰንፈው ወይም እልህ ይዟቸው አይመስለኝም፤ ሥራቸውን ቶሎ የሚጨርሱበትን መንገድ ስለሚያውቁ ነው።

ስለዚህ ሌላ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ቀን ያውጡ። ባለፈው ወር ከተጠናቀቁት ትዕዛዞች አንዱን ይምረጡ፤ እጅግ የዘገየውን ሳይሆን ተራውን፣ ማንም የማያስታውሰውን ይሁን። ከዚያ ደንበኛው ከደወለበት ሰዓት አንሥቶ የክፍያ መጠየቂያው እስከተላከበት ሰዓት ድረስ ዱካውን ይከተሉ፤ ኢሜይሉን፣ የኤክሴሉን መዝገብ፣ የፊርማዎቹን ቀን፣ የመጋዘኑን የወጪ ሰነድ አንድ በአንድ ያገናኙ። ባዶ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አስምረው በአንደኛው የሰው እጅ የነካውን ደቂቃ፣ በሁለተኛው ደግሞ ማንም ሳይነካው የተቀመጠበትን ጊዜ ይጻፉ።

የእርስዎን ቁጥር እርስዎ ያገኙታል፤ እኔ ለማሳያ ያህል እንደ እርስዎ ባለ ድርጅት ውስጥ የማይገርመኝን አንድ ውጤት ልጻፍ። ሻጩ ትዕዛዙን ለመመዝገብ 15 ደቂቃ ወሰደበት። የሽያጭ ኃላፊው ዘንድ 1 ቀን ተቀምጦ በ2 ደቂቃ ተፈረመ። ሂሳብ ክፍል 2 ቀን ቆይቶ የደንበኛውን ዕዳ ለማጣራት 10 ደቂቃ ፈጀ። መጋዘን ግማሽ ቀን ጠብቆ ዕቃውን ለመቁጠር 20 ደቂቃ ሄደበት። አስተዳደር 1 ቀን ካደረ በኋላ 1 ደቂቃ፣ እርስዎ ዘንድ ደግሞ 3 ቀን ካደረ በኋላ ሌላ 1 ደቂቃ ወሰደ። በመጨረሻም የክፍያ መጠየቂያው 1 ቀን ዘግይቶ በ15 ደቂቃ ተዘጋጀ። ሲደመር የሰው እጅ የነካው 64 ደቂቃ ሲሆን የተቀመጠው ግን ስምንት ቀን ተኩል ነው። እንግዲህ የምዝገባውን 15 ደቂቃ ወደ 5 የሚያወርድ ድንቅ ሶፍትዌር ቢገዙ ከዚህ ሁሉ ጊዜ ላይ የሚቀንሱት 10 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ደንበኛው ልዩነቱን አያውቀውም።

ይህ ዘዴ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ፍራንክና ሊሊያን ጊልብረዝ የተባሉት ባልና ሚስት የሥራ ሂደትን በምልክት እየሳሉ መመርመርን እ.ኤ.አ. በ1921 ለአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቅርበው ነበር፤ ማኅበሩም በ1947 ምልክቶቹን አምስት አድርጎ ደነገጋቸው፦ ሥራ፣ ማጓጓዝ፣ ምርመራ፣ መዘግየትና ማከማቸት። መዘግየት ራሱን የቻለ ምልክት እንደተሰጠው ልብ ይበሉ። በብዙ ድርጅቶች የሥራ ሂደት ሲሳል ግን ሰው የሚያስታውሰው የሠራውን እንጂ የቆመውን ስላልሆነ፣ መዘግየቱ ከሥዕሉ ውስጥ ይጠፋል። ሠራተኞችን ሰብስቦ «ሥራችን እንዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ አንድ እውነተኛ ትዕዛዝ መከተል የሚሻለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በስብሰባ ላይ የሚነገርዎት ሥራው መሄድ ያለበት መንገድ ነው፣ ወረቀቱ የሚያሳይዎት ደግሞ የሄደበትን ነው።

እግረ መንገዴን፣ ስልኩ ለምን ፋታ እንደማይሰጣችሁ የሚያስረዳ አንድ ቀላል ስሌት አለ። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 በማስረጃ ያረጋገጠው ሕግ እንደሚለው፣ በማንኛውም ጊዜ በእጅዎ ያለው ያላለቀ ሥራ ብዛት በቀን ከሚገባው ሥራ እና አንዱ ሥራ ከሚወስደው ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው። በቀን 12 ትዕዛዝ የሚገባልዎና እያንዳንዱ 9 ቀን የሚፈጅ ከሆነ በማንኛውም ሰዓት 108 ያላለቁ ትዕዛዞች ተሸክመዋል ማለት ነው፤ 108 «የእኔ ዕቃ የት ደረሰ?» ብሎ ሊደውል የሚችል ደንበኛ ማለት ነው። ጊዜውን ወደ 3 ቀን ቢያወርዱት አንድም ሰው ሳይቀጥሩ 36 ይሆናል። ሻጮችዎ መደበኛ ሥራቸውን ትተው ሲመልሱ የሚውሉት ጥሪ የወረፋው ልጅ ነው።

አሁን ወደ ፊርማዎቹ እንምጣ። ፎርድ የተባለው የመኪና አምራች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን አሜሪካ ለአቅራቢዎች ክፍያ የሚፈጽመው ክፍሉ ብቻ ከ500 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ኃላፊዎቹ ሥራውን በኮምፒውተር በማገዝ ወደ 400 ለማውረድ አስበው ደስ ብሏቸው ሳለ፣ የጃፓኑ ማዝዳ ይህንኑ ሥራ በ5 ሰዎች እንደሚያከናውን አወቁ። ማዝዳ አነስተኛ ኩባንያ መሆኑ ቢታሰብ እንኳ ልዩነቱ የሚያስደነግጥ ነበር። የሥራ አመራር ምሁሩ ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 በሃርቫርድ የንግድ መጽሔት ላይ ታሪኩን ሲያቀርበው እንዳሳየው፣ የፎርድ ሠራተኞች ጊዜያቸውን የሚያጠፉት የግዢ ትዕዛዙን፣ የዕቃ መረከቢያውንና የአቅራቢውን የክፍያ መጠየቂያ እያመሳከሩ፣ 14 ዓይነት መረጃ ሳይገጥም ሲቀርም ምክንያቱን ሲያፈላልጉ ነበር። ፎርድ በመጨረሻ ያደረገው ማመሳከሩን ማፋጠን አይደለም፤ የክፍያ መጠየቂያውን ከነአካቴው አስቀረው። ዕቃ ተረካቢው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ትዕዛዝ ያያል፤ የመጣው ዕቃ ከትዕዛዙ ጋር ከገጠመ ይረከባል፣ ክፍያውም በራሱ ይዘጋጃል፤ ካልገጠመ ዕቃው ከበር ይመለሳል። የሚመሳከረው መረጃ ከ14 ወደ 3 ወረደ፤ የሠራተኛው ቁጥር በ75 በመቶ ቀነሰ።

ይህን የነገርኩዎት ሠራተኛ እንዲቀንሱ አይደለም፤ ወደዚያ ጉዳይ እመለሳለሁ። የነገርኩዎት በእያንዳንዱ ፊርማ ላይ አንድ ጥያቄ እንዲያነሡ ነው፤ ይህ ፊርማ ለመጨረሻ ጊዜ «አይሆንም» ያለው መቼ ነው? የሽያጭ ኃላፊው በዓመቱ ውስጥ ስንት ትዕዛዝ መለሰ? የአስተዳደር ክፍሉስ ምን ዓይቶ ነው የሚፈርመው? መልሱ «ሁልጊዜም ይፈርማል» ከሆነ ያ ፊርማ ቁጥጥር መሆኑ ቀርቶ ማሳወቂያ ሆኗል ማለት ነው፤ ለማሳወቂያ ደግሞ ሥራው ቆሞ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ትዕዛዙ እየሄደ መልእክት ቢደርሰው ይበቃል። በቅንነት እንዲያስቡበት የምለምንዎ ግን አምስተኛው ፊርማ፣ የእርስዎ የራስዎ ነው። እርስዎ ለስብሰባ ሲወጡ፣ ሲታመሙ ወይም ስልክዎን ሲዘጉ ድርጅቱ በሙሉ ይቆማል። ዕዳው ያልተጠራቀመበት ነባር ደንበኛ፣ በመጋዘን ያለ ዕቃ፣ በታወቀው ዋጋ ካዘዘና መጠኑ እርስዎ ከወሰኑት ጣሪያ በታች ከሆነ የእርስዎ ፊርማ ምን ይጨምርለታል? ይህን ጣሪያ በጽሑፍ ያስቀምጡና ከበላዩ ያለው ብቻ ወደ እርስዎ ይምጣ። ብዙ ሥራ አስኪያጆች ይህን ሲሰሙ ሥልጣናቸው የሚሸረሸር ይመስላቸዋል፤ በቀን 12 ጊዜ ሳያነቡ መፈረም ግን ሥልጣን ሊባል አይችልም።

አንድ ነገር ግን አይንኩ። ዕቃ የሚያዝ፣ ዕቃ የሚረከብና ክፍያ የሚፈጽም ሰው አንድ መሆን የለበትም። ይህ የሥራ ክፍፍል ለኦዲተር ደስታ የተፈጠረ ወግ አይደለም፤ አንድ ሰው ብቻውን አጭበርብሮ ብቻውን ሊሸፍነው እንዳይችል የሚያደርግ አጥር ነው። አውቶሜሽን (ሥራን በራሱ ለሚሠራ ማሽን መስጠት) ሲገባ ብዙ ጊዜ ይህ አጥር ሳይታወቅ ይፈርሳል፤ ሥራው እንዲቀል ተብሎ ሁሉን ማድረግ የሚያስችል የይለፍ ቃል ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ያ ሰው ሲለቅ ደግሞ ቃሉ አብሮት ይሄዳል። ፊርማ ሲቀንሱ የሚቀነሰው አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያይ የሚደግመው ፊርማ ይሁን፤ ሁለት የተለያዩ ዓይኖች መኖራቸው አይቅር።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ምን ወደ ማሽን ይሂድ? ማንኛውም የሥራ ፍሰት ሶፍትዌር፣ ውድም ይሁን ርካሽ፣ ከጀርባው የሚሠራው በአንድ ዓይነት አረፍተ ነገር ነው፤ «ይህ ሲሆን፣ ይህ ሁኔታ ከተሟላ፣ ይህን አድርግ»። ዕቃው ለደንበኛው መድረሱ ሲመዘገብ፣ የተረከበው ብዛት ካዘዘው ጋር እኩል ከሆነ፣ የክፍያ መጠየቂያውን አዘጋጅተህ ላክ። አንድን ሥራ በዚህ መልክ ሳይንተባተቡ መጻፍ ከቻሉ ማሽን ሊሠራው ይችላል። «እንደ ሁኔታው» የሚል ቃል ከመጣብዎ ገና አልደረሰም ማለት ነው፤ ለዘገየ ከፋይ ዕቃ በዱቤ መስጠትን፣ የተከፋ ደንበኛን ማናገርን፣ ዋጋ መደራደርን የመሳሰለው ከሰው ጋር ይቆይ። ለእርስዎ ድርጅት እኔ መጀመሪያ የምመርጠው ከላይ የጠቀስኩትን፣ ዕቃው ከደረሰ በኋላ የክፍያ መጠየቂያ ማዘጋጀቱን ነው፤ ደንቡ ግልጽ ነው፣ በየቀኑ ይደጋገማል፣ ገንዘብዎን ቶሎ ያስገባልዎታል፣ ቢሳሳትም የሚያርመው ሰው አለ። አንድ ብቻ ይጀምሩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመቀየር መሞከር የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን ያመጣል፤ ባለፈው ዓመትም የሆነባችሁ ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ በፊት ግን በሩን አንድ ያድርጉት። ትዕዛዝ በሦስት መንገድ ሲገባ ማሽኑ የሚያየው በኤክሴል የተመዘገበውን ብቻ ነው፤ በስልክ መልእክት የቀረው ለማሽኑ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ደንበኛው በፈለገው መንገድ ይዘዝ፤ ሻጩ ግን ሁሉንም በአንድ ፎርም ላይ ያስፍር፣ ፎርሙም ብዛት፣ የዕቃ መለያ፣ የመላኪያ አድራሻና የሚፈለግበት ቀን ሳይሞላ አይቀበል። ለእያንዳንዱ ደንበኛና ለእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥር ይስጡ። ይህ ምክር በማንኛውም ቋንቋ የሚሠራ ቢሆንም በአማርኛ ስም ለሚመዘግብ ሰው እጥፍ ያስፈልገዋል። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» እና «ጸሃይ» ለእኔና ለእርስዎ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አራት የተለያዩ ደንበኞች ናቸው። ዕዳዋ በሦስት ቦታ ተከፋፍሎ የተቀመጠ ደንበኛ በማንኛውም ማጣሪያ «ዕዳ የለባትም» ተብላ ልታልፍ ትችላለች። ቁጥር ግን ሐመሩ «ሐ» ነው ሃሌታው «ሀ» ተብሎ አያከራክርም።

አሁን ብዙም ወደማይነገርለት፣ ለእኔ ግን ከሁሉ ወደሚያስፈራኝ ነገር እሄዳለሁ። በእጅ የሚሠራ ሥራ ሲበላሽ ይጮኻል፤ አንድ ሰው ይናደዳል፣ አንዱ ይደውላል። በራሱ የሚሠራ ሥራ ሲበላሽ ግን ዝም ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም መጨረሻ 2020 በእንግሊዝ 15,841 የኮቪድ-19 ተጠቂዎች ከዕለታዊ ሪፖርቱ ውስጥ ሳይገቡ ቀርተዋል፤ ምክንያቱ የላቦራቶሪ ውጤቶቹ የሚሰበሰቡበት አሮጌ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ የማይዝ መሆኑ ነበር። ፋይሉ ሲሞላ የተረፈው ውጤት ወደቀ፤ የሚያስጠነቅቅ ደወል አልነበረም፤ ከተጠቂዎቹ ጋር የተገናኙ ሰዎችም ለቀናት ሳይነገራቸው ቆዩ። ስሕተቱ የታወቀው ከቀናት በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ነገር።

በአነስተኛ ድርጅትም ይህ ይደርሳል። ቀደም ብዬ በሠራሁበት አንድ ድርጅት ያልከፈሉ ደንበኞችን በየሰኞው በራሱ የሚያስታውስ ሥርዓት ተዘርግቶ ነበር። ደንቡ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን የባንክ ገቢ በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው ሳምንት እየዘገየ ስለነበር ከፍለው የጨረሱ ሰዎች «ዕዳዎን ይክፈሉ» የሚል ደብዳቤ ይደርሳቸው ጀመር። ሁለት የቆዩ ደንበኞች ተቀይመው እስኪሄዱ ድረስ ማንም አላወቀም፤ ምክንያቱም ደብዳቤው የሚላከው በማንም ስም አልነበረም፣ የሚመለሰውንም መልስ የሚያነብ ሰው አልተመደበም።

ከዚህ የተማርኩትን ልጻፍልዎ። እያንዳንዱ በራሱ የሚሄድ ሥራ ባለቤት የሆነ አንድ ሰው ይኑረው፤ «አይቲ ክፍል» ባለቤት አይደለም፣ ስም ያለው ሰው ነው ባለቤት። በየማታው የገባውና የወጣው ይቆጠር፤ ዛሬ 12 ዕቃ ለደንበኛ ደርሶ 11 የክፍያ መጠየቂያ ከተላከ አንዱ የት እንደቀረ ሳይታወቅ አይታደር። ማሽኑ ያልገባውን ነገር በግምት እንዲያልፈው አይፍቀዱለት፤ ለብቻው በአንድ ዝርዝር ውስጥ አስቀምጦ ለባለቤቱ ያሳውቅ። የቶዮታን መሠረት የጣለው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ያጠናቀቀው የሽመና ማሽን ዝናው ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆም ነበር። የተበላሸ ጨርቅ እየሸመነ አይቀጥልም፤ በዚህም የተነሣ አንድ ሠራተኛ ብዙ ማሽኖችን መጠበቅ ቻለ። እርስዎም ሻጭ ሲያነጋግሩ «ምን ያህል ይፈጥናል?» ከማለትዎ በፊት «ሲሳሳት እንዴት ይቆማል? ለማንስ ይነግራል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን በቃል ሳይሆን ፊት ለፊትዎ አሳስቶ ያሳይዎ።

ክፍያን የሚነካ ነገር ካለ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ኔትወርክ ተቋርጦ ማሽኑ መልስ ሳያገኝ ሲቀር እንደገና ይሞክራል፤ የመጀመሪያው ሙከራ ደርሶ ከነበረ ክፍያው ሁለት ጊዜ ይፈጸማል። መፍትሔው እያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ ቁጥር እንዲኖረውና ተቀባዩ ሥርዓት ያንን ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ እንዳይቀበለው ማድረግ ነው። ይህን ለባለሙያው መጠየቅ ብቻ ይበቃዎታል፤ ጥያቄውን ያላወቀ ባለሙያ ከሆነ የክፍያውን ሥራ አይስጡት።

ስለ አንጋፋዋ የሂሳብ ሠራተኛ የጻፉትን ሳነብ፣ እርስዎ እንደ እንቅፋት ያዩዋት ሴት ለዚህ ሥራ ከሁሉም በላይ የምታስፈልግዎ ሰው መሆኗን ደብዳቤዎ ራሱ እንደሚመሰክር አስተዋልኩ። «ያለ እርሷ አንድ ቀን መዋል አንችልም» ሲሉ የድርጅቱ ያልተጻፈ ደንብ በእርሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው እያሉ ነው። ወንበር ስበው ግማሽ ቀን አጠገቧ ይቀመጡ። ሰነዶቹን ስታገላብጥ አንዱን ለይታ ወደ ጎን ስታደርገው ያያሉ፤ ለምን ብለው ሲጠይቋት «እኚህ ደንበኛ መጋዘናቸው ሁለት ቦታ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳልደውል አላልፈውም» ትልዎታለች። ይህ በየትኛውም መመሪያ ላይ የለም፤ ሶፍትዌሩን የተከለላችሁ ድርጅትም አልጠየቃትም ብዬ እገምታለሁ። ሦስት ወር ውስጥ ሥራው የተንኮታኮተው እንዲህ ያሉት ልዩ ጉዳዮች በተከማቹበት ቦታ ይመስለኛል። እነዚህን አንድ በአንድ ይጻፉ፤ አንዳንዱ ወደ ፎርሙ ይገባል፣ አንዳንዱ ማሽኑ ለይቶ የሚያቆየው ይሆናል፣ ይህን የልዩ ጉዳዮች ዝርዝር የምታስተዳድረውም ራሷ ትሁን።

የመባረር ፍርሃቷን በተመለከተ፣ ማድረግ የማይችሉትን ቃል አይግቡላት። ማንንም የማሰናበት ሐሳብ ከሌለዎት ይህንኑ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ የሚተርፈው ጊዜም ለምን እንደሚውል በስም ጠርተው ይናገሩ፤ ለምሳሌ ያልተሰበሰበ ዕዳን መከታተል። ካለዎት ደግሞ ሰው እርስዎን እየረዳ የራሱን ገመድ እንዲፈትል ማድረግ ነውርም ነው፣ አይሠራምም፤ እውቀቱን የሚደብቅ ሠራተኛ በገባበት ቦታ ማንኛውም ሥርዓት ይወድቃል። ሊዛን ቤይንብሪጅ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳየችው ነገርም አለ፤ ማሽን ቀላሉን ወስዶ ለሰው የሚተወው ከባዱን ነው፣ ሰውየው ግን ቀላሉን በየቀኑ መሥራት ስላቆመ እጁ ይፈታል፣ ከባዱ ሲመጣም ይከብደዋል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ አንድ ቀን ሥራውን ያለ ሶፍትዌር በእጅ ይሥሩት፤ የቀረ ሰው፣ የጠፋ ቅጽ፣ የተረሳ የይለፍ ቃል ካለ የሚታወቀው በዚያ ቀን ነው።

ሁለት ቦታ መመዝገቡን ግን ዛሬውኑ ማለቂያ ያብጁለት። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ማስኬድ ለአንድ ሥራ፣ ለሁለት ወይም ለአራት ሳምንት፣ ውጤቶቹን በየቀኑ ለማነጻጸር ከሆነ ጥሩ ዘዴ ነው። ቀን ካልተቆረጠለት ግን ሠራተኛው ሁለቱንም ይጠላል፣ ሁለቱም መዝገቦች እየተለያዩ ይሄዳሉ፣ የትኛው እውነት እንደሆነም ማንም አያውቅም። የክፍያ መጠየቂያውን ለመጀመር ከወሰኑ፣ ለዚያ ብቻ የማነጻጸሪያ ጊዜ ይስጡ፤ የቀረው ሁሉ እስኪደርሰው ድረስ በወረቀት ብቻ ይቆይ። ለመለካት ብዙ ሠንጠረዥ አያስፈልግዎትም። ከትዕዛዝ እስከ ክፍያ መጠየቂያ ስንት ቀን እንደፈጀና ስንቱ መጠየቂያ ተሳስቶ እንደታረመ ሁለት ቁጥር በየሳምንቱ ይያዙ፤ ቀኑንም በአማካይ ሳይሆን ትዕዛዞቹን ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው ደርድረው መሃል ላይ ያለውን በመውሰድ ይለኩት፤ አንድ ወር ሙሉ የተጓተተ ትዕዛዝ አማካዩን ያዛባዋልና።

የውሉን ነገር ልመልስልዎ። ሶፍትዌሩ መጥፎ መሆኑን ከደብዳቤዎ አላየሁም፤ መጥፎ ሥራ ተሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ከማደስዎ በፊት ሦስት ነገር ያረጋግጡ፤ አንድ ፊርማን አስወግዶ በጣሪያ መጠን መወሰን ይችል እንደሆነ፣ የገባበትን መረጃ በሙሉ ሌላ ፕሮግራም በሚያነበው ፋይል አድርጎ ሊያወጣልዎት ይችል እንደሆነ፣ ሥራ ሲቆምም ለአንድ ሰው መልእክት ይልክ እንደሆነ። ሦስቱንም ከቻለ ሻጩን ለስድስት ወር ብቻ እንዲያድስልዎ ይጠይቁት፤ ለዓመት ካልሆነ ካለ በዋጋው ላይ ይደራደሩ። መረጃዎን አላወጣልዎትም ካለ ግን ሌላው ሁሉ ቢሟላም አያድሱ፤ ሁለቱን ወራትም መረጃውን በእጅ ወደ ኤክሴል ለመገልበጥ ይጠቀሙባቸው፣ በደንበኞች ዕዳም ይጀምሩ።